ከእኔ የወረሰችው

በልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ማይክ የያዘው ወጣት ከተቀመጥኩበት አስነሣኝና፣ «እኚህ እናታችን የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ አምስት ቋንቋ ይናገራሉ፤ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ናቸው» አለ። ሰው አጨበጨበ። ነጠላዬን አስተካክዬ ጎንበስ አልኩና ተቀመጥኩ። አምስት ያለው ለሠርጉ ድምቀት ነው። የምችለው አራት ነው፤ አማርኛ፣ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛና ኦሮምኛ። አምስተኛው የከምባታዎቹ ቋንቋ ነው፤ እሱንም ገበያ ላይ ለመሳቅና ለመከራከር ያህል እንጂ ቁም ነገር አላወራበትም።

ያቺ ቃል ግን ከሠርጉ በኋላም አልለቀቀችኝም። ተሰጥኦ። ሬዲዮ ላይ ስለ ዘፋኝ፣ ስለ ኳስ ተጫዋች ሲሏት ስሰማ ኖሬያለሁ። ስለ እኔ ስትባል ግን የሌላ ሰው ቀሚስ ያለበሱኝ መሰለኝ። ሰፋችኝ። የተሰጠ ነገር ከሆነ ሰጪውን አንድ ቀን እንኳ ማየት ነበረብኝ እላለሁ። እኔ የማስታውሰው ሲወሰድብኝ እንጂ ሲሰጠኝ አይደለም።

ከዚያች ቃል በፊት ሌሎች ስሞች ነበሩኝ። ከወሎ በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ስንመጣ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። በሰፈራው መንደር ሴት የምትለካው በሙያዋ ነው። ሙያ ማለት ደግሞ ወጥ ማጣፈጥ፣ ፈትል ማቅጠን፣ ቤት መያዝ ነበር። እኔ በዚህ ሁሉ መካከለኛ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከመካከለኛም ዝቅ እል ነበር። አማቴ ጎረቤት ሲሰማ፣ «ይቺ ልጅ እጇ አይሠራ፣ እግሯ አያርፍ፣ አፏ አይዘጋ» ትል ነበር። ውኃ ልቀዳ ወርጄ እንደኛው በሰፈራ ከመጡ የከምባታ ሴቶች ጋር ስስቅ እቆያለሁ። ቅጠል ለቀማ ሄጄ ከማላውቀው ሰው ጋር በእጅ ምልክት ሳወራ እገኛለሁ። እናም ለፍላፊ ተባልኩ፤ ዟሪ ተባልኩ። ዛሬ ተሰጥኦ የተባለው ነገር ያኔ ስሙ ይህ ነበር። ሰው አንድን ነገር የሚጠራው እንደሚያስፈልገው መጠን ይመስለኛል።

ባለቤቴን ወባ ወሰደብኝ፤ ልጃችን ገና በጀርባ የምትታዘል ነበረች። ቆይቶ መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አማቴም ተመለሰች። «ነይ እንሂድ» አለችኝ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። እኔ ግን ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው፣ ልጄ የተወለደችው እዚህ ነው፣ እዚያስ ማን አለኝ አልኩና ቀረሁ። ግራ ቀኜ ያሉት ጎጆዎች ባዶ ሆኑ። የአንዱ በር በነፋስ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ያንን ድምፅ ላለመስማት ልጄን አዝዬ ደጅ እወጣ ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው አንዲት አኙዋክ ሴት ዓሣ ልትሸጥ በመንደራችን ማለፍ የጀመረችው። ረጅም ናት፤ ዕቃዋን በራሷ ላይ ተሸክማ አንገቷ አይነቃነቅም። ዓሣ የሚገዛት ጥቂት ነበር፤ ደገኛው ገና አልለመደውም። እኔም የምገዛበት የለኝም። ግን ስታልፍ እጠራታለሁ። ትቀመጣለች። ዓሣውን እያሳየሁ ምን ትሉታላችሁ እላታለሁ፤ ትነግረኛለች። ውኃውን፣ እሳቱን፣ የልጄን ጣት፣ የእሷን ዶቃ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ሁሉንም መልሼ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ መሳቋን ተወች። እሷም አማርኛ ከእኔ ትለቅም ነበር። ለሁሉም «አንተ» ነበር የምትለው፤ ለእኔም፣ ለሕፃኗም፣ ለፍየሏም።

አንድ ቀን፣ «አንተ ጆሮ አለህ» አለችኝ።

«ጆሮ ማን የለውም?» አልኳት።

«ሌላው ሰው ዓሣ ያያል። አንተ እኔን ትሰማለህ።» ልጄን ከጭኔ ላይ አንሥታ ታቀፈቻትና፣ «ብቻህን ስለሆንክ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው ብዙ ብሎኛል። ቄሱ ጸጋ ነው አሉ። በኋላ ጋምቤላ ከተማ ያገኘኋት ጎረቤቴ ችሎታ ነው አለች። ማይክ የያዘው ልጅ ተሰጥኦ አለ። ሁሉም ደግ ቃል ነው። ግን የዓሣ ሻጯን ያህል እኔን አይታ የተናገረች ሰው አላስታውስም።

ፊደልም የለየሁት እዚያው ሰፈራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከዛፍ ሥር በሚሰጠው የመሠረተ ትምህርት። ልጄ ስታድግና ስትዳር እኔ መዞር ያዝኩ። ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና ይዤ ከገበያ ገበያ። ፑኝዶ ከስደተኞቹ መጠለያ አጠገብ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ኑዌርኛን ያገኘሁት እዚያ ከሴቶቹ ጋር በሳሙና ዋጋ ስከራከር ነው። ዲማም ሄጃለሁ፣ ወርቅ ቆፋሪዎቹ ዘንድ፤ እዚያ ሻይ እሸጥ ነበር። የትም ስሄድ እንዲሁ ይሆናል፤ ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ ሲቀሩ አንዱ ዞር ብሎ፣ «እሷን ጥሯት» ይላል።

የአሠራር ደንብ ነበረኝ፤ ማንም ያስተማረኝ አይደለም። ሰው ሲናገር ዓይኑን አላይም፣ እጁን ነው የማየው። ተናግሮ እስኪጨርስ አልጀምርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ዲማ ላይ አንድ ቆፋሪ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተጣልቶ፣ «አህያ ነህ በይው» አለኝ። «አህያ ነህ ይልሃል» አልኩት ነጋዴውን። «እሱ ደግሞ የአህያ ታናሽ ወንድም ነው በይው» አለኝ። ያንኑ መለስኩ፣ ፊቴን ሳልለውጥ። ሁለቱም ቆም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቅ ያዛቸው። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ወደ ቢራ ቤቱ ሄዱ። እኔ ብርጭቆዎቼን አጥቤ ወደ ማደሪያዬ ገባሁ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያልቀው። የማይግባቡ ሰዎች ዘንድ እጠራለሁ፤ ሲግባቡ አላስፈልግም። አልከፋኝም፤ ሥራው ይኸው ነው። ብቻ ማንም «ነይ አንቺም» ብሎኝ አያውቅም ለማለት ያህል ነው።

ልጄ ትንሽ ልጅ ትታ ሞተች። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። የልጅቷ አባት ሰፈራው ውስጥ ቆይቶ ሌላ ሚስት አገባ፤ ደህና ሰው ነው፣ እስከ ዛሬም ያርሳል። ልጅቷን ግን ከተማ ትማር ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም መዞሬን ትቼ ጋምቤላ ኒውላንድ ውስጥ ቤት ተከራየሁ። በሕይወቴ ሳልንቀሳቀስ የኖርኩት ያኔ ብቻ ነው። ጠዋት ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች፣ ቦርሳዋን ወርውራ፣ «እማማ፣ ምን አለ የሚበላ?» ትላለች። ያን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው መኖሩን ያህል ያስደሰተኝ ነገር የለም።

እሷ ቋንቋ አልሆነላትም። ግቢያችን ውስጥ አኙዋክም ኑዌርም ነበሩ፤ ከሰላምታ አታልፍም። «ማሌ» ብላ ታልፋቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እንድጨርስላት ዞር ብላ ታየኛለች።

«ተማሪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ» እላታለሁ።

«እማማ፣ አንቺ እያለሽልኝ እኔ ለምን አፌን ላድክም?»

ጎረቤቴ፣ «የአንቺ ነገር እሷን ዘሏታል» ትለኝ ነበር። አዎ፣ ዘሏታል እላለሁ። አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን ደስ እንደሚለኝ ግን ያኔ አልመረመርኩትም።

ተምራ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። እዚያም ለሕክምና የመጣ አንድ መምህር ተዋወቀች፤ አኙዋክ ነው፣ ከወደ ፑኝዶ። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጠራል፤ ልክ መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ነው የሚናገረው። ቤቴ መጥቶ ሲቀመጥ በእሱ ቋንቋ ባናግረው ያፍርና በአማርኛ ይመልስልኛል። ይዋደዱ እንደነበር ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ከተጋቡ ፑኝዶ ይወስዳታል፤ የሚያስተምረው እዚያ ነው። ክረምት ሲገባ ያ መንገድ ይዘጋል፤ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማታ እራት ስናቀርብ እሷ ስለ መጋረጃ ቀለም ታወራለች፣ እኔ የእሷን ድምፅ እሰማለሁ። ቃሉን አይደለም፤ ድምፁን። ቤቱ ያለዚያ ድምፅ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አልፈለግሁም።

ሽማግሌ የተላከው በበጋ ነው፤ ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ ሰፈራው መንደር። ከወንዱ ወገን የመጡት የመምህሩ አጎትና ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። አጎቱ ትልቅ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዱላውን ከጎኑ አስደግፎ ተቀመጠ። አማርኛ ለገበያ ያህል ያውቃል። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ግን በራሱ ቋንቋ መናገር ፈለገ፤ ልክ ነው። መምህሩ ደግሞ በእኛ ወግ ሽማግሌ በተላከበት ቀን አይገኝም። ስለዚህ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

የልጅቷ አባት ታላቅ ወንድም፣ «የልጅቷ አያት ሆና እንዴት ትተረጉማለች? ሰው ምን ይላል?» አለ።

«እሷ አትጨምርም፣ አትቀንስም» አለ አባትየው። «እኔ ከማንም በላይ እሷን አምናለሁ።»

በማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ፀሐዩ እየዞረ ጥላው ሲሸሽ ታላቅ ወንድምየው እየተነሣ የእንግዶቹን ወንበር ወደ ጥላው ያስጠጋል። ልጅቷ ከእንጀራ እናቷ ጋር ጓዳ ናት። በመጋረጃው ሥር የእግሯ ጣቶች ይታዩኛል። ሁሉንም ለመስማት ተጠግታ ቆማለች።

አጎትየው ተናገረ። ልጁ ጨዋ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ልጅቷን እንደ ልጁ እንደሚይዝ፣ ለዚህም ቃሉን እንደሚሰጥ። ዘለግ ያለና ያማረ ንግግር ነበር፤ አንድም ሳልጥል ወደ አማርኛ መለስኩት። አባትየው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የእኛ አባቶች በዚህ ቀን የሚሉትን አለ፤ «ስላከበራችሁን እናመሰግናለን። ልጃችን ገና ልጅ ናት። ዘመድም አለን፤ ተመካክረን እናሳውቃችኋለን። ለዛሬ በሰላም ግቡ።»

ከመጋረጃው በስተጀርባ ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። የእንጀራ እናቷ «እሽሽ!» አለቻት። ልጅቷ ደስ ብሏት ነው። ያገራችን ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል አባት የለም። «እንመካከራለን» ካለ ነገሩ ተቃንቷል፣ ሁለተኛ ቀጠሮ አለ ማለት ነው። ሰጥቷል እንኳ ይባላል።

እኔም ቃሉን ወሰድኩና በአኙዋክኛ አስቀመጥኩት። ልጃችን ገና ልጅ ናት። ዘመድ አለን። እንመካከራለን። በሰላም ግቡ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

አጎትየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አንዴ አዞረው። ፊቱ አልተለወጠም። ከጎኑ ያሉትን ሁለት ሰዎች አየና በጸጥታ፣ «እንግዲህ ሰማን» አላቸው። «ልጅ ናት ካሉ አይሰጡም ማለት ነው። ግቡ ብለውናልም። በደህና ቃል ነው የመለሱን፤ አንቀየማቸውም። ለልጁ እኔ እነግረዋለሁ።» ዱላውን አነሣ።

ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እዚያ ካለው ሰው ሁሉ እኔ ብቻ። አባትየው በረጋ ፊት ተቀምጧል፤ ሁሉም ነገር እንደ ወጉ ሄዷል። ታላቅ ወንድምየው ወንበር ሊያስጠጋ ብድግ ብሏል። ከመጋረጃው ሥር ያሉት ጣቶች በደስታ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣሉ።

ሥራዬን ጨርሻለሁ። ቃል በቃል። ማንም የሚወቅሰኝ የለም፤ ቢጠየቅ እንኳ ሁለቱም ወገን «በትክክል ነው የነገረችን» ይላል። ሰዎቹ ይነሣሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ይሄዳሉ። አባት ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ አይለምንም። አጎትም ከተመለሰበት ደጅ ሁለተኛ አይቆምም። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትረሳለች፣ ወጣት አይደለች እንዴ። ጠዋት ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። እማማ፣ ምን አለ የሚበላ ትላለች።

አጎትየው ቆመ። «ምን አለ?» አለኝ አባትየው።

«በደህና ቃል ነው የመለሱን ብለዋል» አልኩ። እሱም እውነት ነበር።

አባትየው የተነሡትን ሰዎች አየ፤ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት መጣ። «ሊሄዱ ነው? ምሳው እኮ ደርሷል። ቀጠሮ ሳንይዝ?» ታላቅ ወንድሙ እጁን ጎተተው። «ተው። የፈለገ ይመለሳል። እኛ ነን የምንለምናቸው?»

ጣቶቹን አየሁ። ጸጥ ብለው ቆመዋል። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰምታለች፤ ግን ምን እንደሆነ አልገባትም። ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው እኔ እንድጨርስላት እየጠበቀች ነው።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አልኩ በእነሱ ቋንቋ። «አሁን የምናገረው የእነሱ ቃል አይደለም። የኔ ነው።»

አጎትየው ዞሮ አየኝ።

«በእኛ ዘንድ ልጁን በመጀመሪያ ቀን የሚሰጥ አባት ልጁ የሰለቸችው ነው የሚመስለው። እንመካከራለን ማለት በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ሁለተኛ ኑ ነው የሚሏችሁ።»

አጎትየው ዱላውን እንደያዘ ጠየቀኝ። «አይሆንም ለማለት ሲፈልጉስ ምን ይላሉ?»

«ያኔም እንመካከራለን ነው የሚሉት።»

ከጎኑ ያለው ሰው ሳቀ። አጎትየው ግን አልሳቀም። «ታዲያ አንቺ በምን ለየሽው?»

«ወንበራችሁን እዩት» አልኩ። «ከመጣችሁ ጀምሮ ጥላው በሸሸ ቁጥር ያ ሰውዬ እየተነሣ አስጠግቶላችኋል። የማይፈልጉትን ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚተዉት። ሽታውም እየደረሳችሁ ነው፤ ምሳ ተሠርቷል። እንቢ ለማለት በግ አይታረድም።»

አጎትየው ወንበሩን አየ፣ ጥላውን አየ፣ የልጅቷን አባት አየ። ዱላውን መልሶ አስደገፈና ተቀመጠ። «መንገድ ረጅም ነው» አለ። «ሁለተኛ ለመምጣት እግሬን ከማደክም ዛሬ እዚሁ ቁጭ ብዬ ነገ ጠዋት ሁለተኛ ብል አይሆንም?» አሁን ሁሉም ሳቁ፤ የሳቁበትን ያልሰማ የእኛ ወገንም እነሱን አይቶ ሳቀ።

«ምን ነገርሻቸው?» አለኝ አባትየው በጆሮዬ። «እኔ ያን ያህል ቃል አልተናገርኩም።»

«ያልተናገርከውን ነው የነገርኳቸው።»

አባትየው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ የራሱን ወንበር ከአጎትየው አጠገብ አስጠጋ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ብዙም አልፈለጉኝም። በግማሽ አማርኛና በእጅ ምልክት ሲስቁ ዋሉ። ልጅቷ ማታ አንገቴን አቅፋ፣ «አባዬ እሺ እንደሚል ድሮም አውቅ ነበር» አለችኝ። ምን ሊሆን እንደነበር አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

ሽማግሌዎቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለተኛ መጡ፣ ቃል ተሰጠ፣ ሠርጉ ሆነ። ያ ልጅ ማይክ ይዞ ያንን የተናገረው ያኔ ነው።

ከዚያ ክረምት ገባ። ኒውላንድ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የጎረቤት ድምፅ እንኳ አይሰማም። ስልክ እደውላለሁ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» ትለኛለች ያቺ ሴትዮ። በዚያ ክረምት ከእሷ በቀር ያናገረኝ ጥቂት ሰው ነው። አንዳንዴ ሲገኝ ደግሞ የልጄ ልጅ ድምፅ ይቆራረጣል፤ «ደህና ነኝ፣ እማማ፣ ደህና ነኝ» የሚለው ብቻ ይደርሰኛል። የድሮው እግሬ ተነሣ። ግን የት ይኬዳል፣ መንገዱ ተዘግቶ።

ጭቃው እንደደረቀ ፑኝዶ ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ ቤቷን ስጠይቅ ቦኖ ውኃ ጋ ናት አሉኝ። ሄድኩ። ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ቆመዋል፤ መሃላቸው አንዲት ረጅም ወሬ የምታወራ አለች፣ እነሱ ይስቃሉ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ቃሉን ግን ከዚያ አፍ ሰምቼው አላውቅም። በአኙዋክኛ ነበር የምታወራው። ስለ አንዲት ዶሮ ነው፤ በሰው አልጋ ላይ ካልሆነ እንቁላል አልጥልም ስላለች ዶሮ። አንደኛዋ ሴት ሆዷን ይዛ ጀሪካኗ ላይ ቁጭ አለች።

ሳታየኝ ቆሜ ሰማሁ። እኔ ያን ያህል ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ማታ አማቷ ቤት ደጅ ላይ ተቀመጥን። አማቷ ደግ ሴት ናት፤ እጄን ይዛ አትለቅም። «ይቺ ልጅሽ» አለችኝ በቋንቋዋ፣ «ስትመጣ ዲዳ ነበረች። አሁን እኛን ታስቀናለች። የአንቺ ተሰጥኦ ነው። በደም የሚወረስ ነገር ነው።» ተሰጥኦ የሚለውን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ከሠርጉ ላይ ይዛው ኖሯል።

ልጅቷን በአማርኛ፣ «መቼ ለመድሽው?» አልኳት።

«ክረምቱን» አለች። ባቄላ እየለቀመች ነበር፣ ቀና አላለችም። «እሱ ለሥልጠና ከወጣ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፣ እዚያው ቀረ። ኔትወርክ የለም። እዚህ አማርኛ የሚያውቁት ደግሞ ቀን ሥራ ላይ ናቸው። የእሱ እናት ስታወራ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ቀኑ ረጅም ነው እኮ፣ እማማ። ማንን ላናግር?» ከዚያ ሳቀች። «መጀመሪያ ከዶሮዋ ጋር ነው የተለማመድኩት። እሷ አትስቅብኝም።»

በሩ አጠገብ ሰሌን ተዘርግቷል። አንዱ ጫፉ ተበልቷል፤ ሰው ደጋግሞ አንድ ቦታ ሲቀመጥ እንደሚሆነው፣ ወደ መንገዱ በሚያሳየው በኩል።

አማቷ፣ «ምን አለችሽ?» አለችኝ፤ ልተረጉምላት።

«ከአያቴ ነው የወረስኩት አለች» አልኳት። የተባለው እሱ አልነበረም። ግን ከእሷም ከእኔም የሚያስተባብል አልነበረም።

ባሏ ተመልሷል፤ ደህና ናቸው። መንገዱ ሲከፈት ነገር ይቀላል። እኔም ደህና ናቸው እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ከፑኝዶ በተመለስኩበት ዕለት ልጅቷ እስከ መኪናው ሸኘችኝ፤ አማቷም አብራን ነበረች። መሰናበቻውን አማቷ እንድትሰማ ብላ በአኙዋክኛ አደረገችው። ረጅም ነበር። እንዳልጨነቅ፣ ሌሊት ብርድ ልብሴን እንድደራርብ፣ ለገና እንደሚመጡ፣ ብቻዬን መሆኔን እንደምታውቅ፣ እሷ ግን ብቻዋን እንዳልሆነች። ድምፁን ከጉሮሮዋ ጥልቀት አውጥታ፣ ልክ እዚያ እንደተወለደ ሰው።

መስኮቱን ይዤ ሰማኋት። አማቷ በኩራት እያየችኝ ነበር። እኔ መኪናው እስኪነሣ ድረስ አንዲት ስህተት ስፈልግላት ቆየሁ። አንድም አልነበረባትም።